የአባት ውርስ 800 ሺህ ብር፦ ባንክ ይቀመጥ ወይስ የቤት ዕዳ ይከፈልበት? (ኮምቦልቻ)

ደሴ ተወልዳ፦
እንዴት ዋላችሁ። ቁጥሩን ልዘርዝርና የሚያውቅ ሰው ይመልስልኝ። ኮምቦልቻ ያለው ቤታችን በእኔና በባለቤቴ ስም ነው፣ በባንክ ብድር የተሠራ። ቀሪው ዋና ብድር 1,200,000 ብር፣ ወለዱ በዓመት 16 በመቶ፣ የቀረው ጊዜ 10 ዓመት፣ በየወሩ የሚቆረጠው 20,102 ብር። ገቢያችን ከሱቋ ኪራይ ጋር በወር 48,000 ገደማ ነው፤ ባለቤቴ ኢንዱስትሪ ፓርክ፣ እኔ መንግሥት ቤት። ደሴ የነበረው የአባታችን ቤት ተሽጦ ለሦስት ስንካፈል ድርሻዬ 800,000 ብር ገብቶልኛል። አሁን ተራ ቁጠባ ላይ በ7 በመቶ ተቀምጧል። ባለቤቴ «ሁሉንም ዕዳው ላይ ጣይውና እንገላገል» ይላል። ወንድሜ «ጥሬ ብር አንዴ ከእጅ ከወጣ አይመለስም፣ ይቀመጥ» ይላል። የቱ ያዋጣል? ከከፈልኩስ የሚቀንሰው ወርሃዊው ነው ወይስ ዓመቱ?

የብድር ክፍል፦
ነፍስ ይማር እህቴ። ከሒሳቡ እንጀምር፤ ለምሳሌ 500,000 ብሩን ብቻ እንያዝ። ቁጠባ ላይ ዓመት ቢተኛ 35,000 ብር ይወልዳል፣ ባንኩ ደግሞ ከወለዱ ላይ ግብር ይቀንሳል። ያው 500,000 ዕዳ ሆኖ ከቆየ በዓመት 80,000 ብር ወለድ ይቆጥርብሻል። ልዩነቱ 45,000 ብር ነው፤ በቀን 123 ብር። ገንዘቡ «ተቀምጦ» የሚያስከፍልሽ ኪራይ በይው። 7 በመቶው ብሔራዊ ባንክ በጥቅምት 2010 ከ5 በመቶ ከፍ ያደረገው ዝቅተኛ የቁጠባ ወለድ ነው፤ ጠርቀም ያለ ብር ይዘሽ በጊዜ ገደብ ካስቀመጥሽ ከዚያ በላይ መደራደር ይቻላል። ግን 16ን የሚያልፍ ካላገኘሽ ድርድሩ ኪሳራውን ያቀለዋል እንጂ አያጠፋውም።

አሁን የምትከፍይው 20,102 ብር ውስጥ 16,000ው ወለድ ነው፤ ዕዳውን የሚነካው 4,102 ብር ብቻ። 500,000 ከገባ በኋላ በሚመጣው ወር ወለዱ 9,333 ይሆናል፣ ዋናውን የሚቀንሰው 10,769። ከዚህ ወዲያ ሁለት መንገድ አለ።

ወርሃዊውን 20,102 ሳትነኪ ከቀጠልሽ ዕዳው በ47 ወር ያልቃል፣ 48ኛው ወር ላይ 2,500 ብር ገደማ የምትሆን ጭራ ትቀራለች። ከአሁን ጀምሮ የምትከፍይው ወለድ በሙሉ 247,000 ገደማ ይሆናል። ምንም ባትከፍይ ኖሮ በ10 ዓመት 1,212,000 ነበር።

10 ዓመቱን ሳትነኪ ወርሃዊው ይቀነስልኝ ካልሽ ደግሞ ክፍያው 11,726 ይሆናል። በወር 8,376 ብር እጅሽ ላይ ይቀራል፣ ጠቅላላ ወለዱ ግን 707,000 ይደርሳል።

ባለቤትሽ እንዳለው 800,000ውን በሙሉ ብትጥይው 400,000 ይቀራል፤ በነበረው ክፍያ 24ኛው ወር ላይ ያልቃል። ግን ያን ጊዜ ኪሳችሁ ባዶ ነው፤ እኔ ያን አልመክርም።

ጦሳ ሥር፦
ሒሳቡ ልክ ነው፤ አንድ ነገር ግን ላርም። ከ1,212,000 ላይ 247,000ውን ቀንሶ «965 ሺህ ወለድ አዳንሽ» የሚለውን ቁጥር ይዞ ውሳኔ መወሰን ያሳስታል። ያ ብር በ10 ዓመት ውስጥ የሚከፈል ነው፣ የዛሬ 10 ዓመት 20,102 ደግሞ የዛሬው 20,102 አይደለም። በ2014 የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ በነበረ ጊዜ የ16 በመቶ ዕዳ ያለበት ሰው እውነቱን ለመናገር ተጠቃሚ ነበር፤ በ7 በመቶ ያስቀመጠው ነው የተበላው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በወራት ውስጥ ከ100 አልፏል። ብር ሲረክስ ዕዳም አብሮ ይረክሳል።

ስለዚህ ዕዳ በራሱ ክፉ ስለሆነ አይደለም የሚከፈለው። መጠየቅ ያለበት «ያንን 500,000 በዓመት ከ16 በመቶ በላይ፣ ያለ አደጋ፣ ከግብር በኋላ የሚያስገኝ ቦታ አለኝ ወይ?» ነው። ተራ ቁጠባ አይደለም። የግምጃ ቤት ሰነድ (መንግሥት ለአጭር ጊዜ የሚበደርበት ወረቀት) አለ፤ የ28፣ የ91፣ የ182 እና የ364 ቀን ይወጣል፣ በባንክ በኩል ግለሰብም መግዛት ይችላል። የቅርቡን ጨረታ ውጤት አይተሽ ከ16 ጋር አስተያዪው። ከዚያ በታች ከሆነ ዕዳ መክፈል ይበልጣል። የብድሩ ወለድ ለባንክ ሠራተኛ እንደሚሰጠው ዝቅ ያለ ቢሆን ኖሮ መልሴ ተገላቢጦሽ ይሆን ነበር፦ ዕዳው ይቆይ፣ ብሩ ይሥራ።

ፒያሳ ነጋዴ፦
ምን ይህን ያህል ሒሳብ! ወርቅ ግዢበት ወይ ቦታ ያዢበት። ኮምቦልቻ ዳር ዳሩን አሁን ካልተያዘ በኋላ የለም።

ጦሳ ሥር፦
ወንድሜ፣ ወርቁን ስትገዛ የእጅ ሥራውን ትከፍላለህ፣ ስትሸጥ በግራም ብቻ ነው የሚመዘንልህ፤ ገና ሱቁን ሳትለቅ ከስረሃል። ዓመት ሁለት ዓመት ለሚቀመጥ ብር ያ ክፍተት ከባድ ነው። ቦታውማ ሌላ ጣጣ ነው። ባዶ መሬት አይሸጥም፤ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ላይ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ይላል። የሚሸጠው ቤቱ ነው። የገበሬ ማሳ በመንደር ውል ገዝቶ ካርታ የሚጠብቅ ሰው 800,000 ብር በተስፋ ለወጠ ማለት ነው።

ጠበቃ ከሸዋ በር፦
ሁላችሁም ገንዘቡ የእሷ ነው ብላችሁ ነው የጀመራችሁት። እህቴ፣ ሳይከፍሉ በፊት እነዚህን ያረጋግጡ፤ ባንክ የገባ ብር ተመልሶ አይወጣምና።

የወራሽነት ማስረጃው ከፍርድ ቤት ወጥቷል? ያ ወረቀት ወራሽ መሆንዎን ይናገራል እንጂ ዕዳ የለም አይልም። ከውርሱ መጀመሪያ የሚወጣው የቀብር ወጪ ነው፣ ቀጥሎ የማጣራቱ ወጪ፣ ቀጥሎ የሟች ዕዳ፣ ከዚያ በኋላ ነው ወራሽ የሚደርሰው። አባትዎ ዋስ የሆኑበት ብድር ወይም ያልተከፈለ የቦታ ኪራይና የጣሪያ ግብር ቢወጣ አበዳሪው በደረሳችሁ መጠን እናንተን ነው የሚጠይቀው።

እናትዎ በሕይወት አሉ? ካሉ የጋራ ከነበረው ቤት ግማሹ መጀመሪያውኑ የእሳቸው ነው፤ ውርስ የሚባለው የአባት ግማሽ ብቻ ነው። ቀድሞ የሞተ ወንድም ወይም እህት ልጅ ትቶ ከሆነ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ልጁ በወላጁ ቦታ ተተክቶ ይወርሳል። ሸሪዓ ፍርድ ቤት ሁለቱም ወገን ተስማምተው ከሄዱ ስሌቱ ሌላ ነው፤ እዚያ የሟች ወንድ ልጅ በሕይወት ካለ የልጅ ልጅ ድርሻ የለውም፣ ሴት ልጅም የወንድሟን ግማሽ ነው የምትወስደው። የተረሳ ወራሽ ደግሞ መብቱንና ንብረቱ በሌላ እጅ መያዙን ካወቀ ቀን አንስቶ በ3 ዓመት ውስጥ ክስ ማቅረብ ይችላል። «ለሦስት ተካፈልን» የሚለው ቃል ብቻ አይበቃም፤ የክፍፍል ስምምነቱ በጽሑፍ፣ በሁሉም ፊርማ ይኑር። የተዝካር ወይም የሰደቃ ወጪ ማን እንደሸፈነም እዚያው ይጻፍ፣ ኋላ የሚያጣላው እሱ ነው።

ውጭ አገር ያለ ወራሽ ካለ ውክልናው ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ተፈርሞ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር መረጋገጥ አለበት። ጠቅላላ ውክልና ቤት ለመሸጥ አይበቃም፤ «ለመሸጥ፣ ገንዘብ ለመቀበል፣ ለመከፋፈል» ብሎ በስም መጥቀስ አለበት። ሳዑዲ ያለ ሰው «ጠቅላላ ሰጥቻለሁ» ሲል ነው ሽያጩ የሚንጠለጠለው።

ደሴ ተወልዳ፦
እናታችን ቀድማ ነው ያረፈችው። ማስረጃው ወጥቷል፣ ክፍፍሉም ተፈርሟል፣ ጅዳ ያለችው እህቴ ልዩ ውክልና ሰጥታለች። ጥያቄ ላክልበት፦ ቤቱ የሁለታችን ነው፣ ብሩ የእኔ ውርስ ነው። ከከፈልኩት በኋላ ምን ይሆናል?

ጠበቃ ከሸዋ በር፦
ዋናው ጥያቄ ይህ ነበር፣ ስላነሱት ጥሩ ነው። በአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 79/1995፣ በጋብቻ ውስጥ በውርስ ያገኙት የግል ንብረትዎ ነው። ችግሩ በትዳር ውስጥ ያለ ንብረት ሁሉ የጋራ እንደሆነ መገመቱ ነው፤ የግሌ ነው የሚል ሰው ነው የሚያስረዳው። 500,000 ብሩ ከደመወዝና ከሱቅ ኪራይ ጋር በአንድ ሒሳብ ተቀላቅሎ ወደ ብድር ከሄደ በኋላ «የአባቴ ነው» ማለት ማስረጃ የሌለው ቃል ይሆናል።

ስለዚህ ብሩ ለብቻው በተከፈተ፣ በእርስዎ ስም ብቻ ባለ ሒሳብ ይቀመጥ፤ ደመወዝ አይግባበት። ከዚያ በቀጥታ ወደ ብድር ሒሳቡ ይተላለፍ። አራት ወረቀት አንድ ፋይል ውስጥ ይኑሩ፦ የወራሽነት ማስረጃው፣ የክፍፍል ስምምነቱ፣ ብሩ የገባበት ስቴትመንት፣ ለብድሩ የተከፈለበት ደረሰኝ። ከባለቤትዎ ጋር «ይህን ያህል ከግል ንብረቷ የጋራ ዕዳ ላይ ከፍላለች» የሚል ስምምነት ከፈለጋችሁ በባልና ሚስት መካከል የሚደረግ ውል ፍርድ ቤት ካላጸደቀው አይጸናም፤ ቤት ውስጥ ተፈራርሞ መሳቢያ ውስጥ ማስቀመጥ ዋጋ የለውም። አለመተማመን ነው ብሎ የሚቆጣ ባል አይጠፋም፤ እሱ የእናንተ ጉዳይ ነው። ወረቀቱ ግን ነገ ለልጆቻችሁም ይሠራል።

ሐረጎ ቁልቁለት፦
ወደ 800,000 ሙሉ ክፍያ ሐሳብ ልመለስ። የቤቱ ወጪ 22,000 ገደማ ነው ብለን ብንይዝ ከወርሃዊ ክፍያው ጋር ወሩ 42,000 ይፈልጋል። ባለቤትሽ የሚሠራው ኢንዱስትሪ ፓርክ ነው። ለውጭ ገበያ የሚሠራ ፋብሪካ ትዕዛዝ ሲቀር ሠራተኛ ይቀንሳል፤ በ2014 ኢትዮጵያ ከአጎዋ (ከአሜሪካ ከቀረጥ ነፃ የገበያ ዕድል) ስትወጣ ይህ ታይቷል። ሥራ ቢቆም በአንቺ ደመወዝና በሱቋ ኪራይ ብቻ 42,000 አይሞላም።

ክፍያ ሲቋረጥ ባንክ ፍርድ ቤት መሄድ አያስፈልገውም። በአዋጅ 97/1990 መሠረት ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ቤቱን በሐራጅ መሸጥ ይችላል። 1,200,000ውን ወደ 400,000 ያወረደ ሰው ወር ካዘገየ «ብዙ ከፍያለሁኮ» ብሎ የሚያመልጥበት አንቀጽ የለም። ትናንት የከፈልሽው 800,000 ነገ የሚቆረጠውን 20,102 አይከፍልልሽም።

ስለዚህ 5 ወር፣ ማለትም 210,000 ብር፣ የማይነካ ይሁን። 500,000 ለዕዳው፣ የቀረው 90,000 ለአገልግሎት ክፍያ፣ ለኢንሹራንስ ዕድሳትና ላልታሰበ ነገር። የተቀመጠው 300,000 ብር ከብድሩ ጋር ሲነጻጸር በዓመት 27,000 ገደማ ያሳጣል፤ እሱን የዋስትና ዋጋ ብለሽ ቁጠሪው።

አቀማመጡም ቢሆን፦ የገንዘብ አስቀማጮች መድን ፈንድ አንድ ባንክ ቢወድቅ ለአንድ አስቀማጭ የሚከፍለው እስከ 100,000 ብር ነው። 300,000ውን ሦስት ባንክ መክፈል ትርፍ ባያመጣም ወጪ የለውም። አንዱን መቶ ተራ ቁጠባ፣ ሁለቱን በ3 ወር የጊዜ ገደብ፣ ቀናቸውን አለያይተሽ። ያለ ጊዜው ካወጣሽው የተስማማሽበት ወለድ ይቀራል፣ ስለዚህ ሁሉንም አንድ ቀን አታስሪው።

ሐላል ኪስ፦
አላህ ይርሐማቸው። አብሽሪ እህቴ፣ በወለድ ያለ ሰው ቶሎ መውጣቱ ነው ጥሩ። ግን እዚህ ደሴና ኮምቦልቻ የሚያነብ ብዙ ሰው ቤቱን በሙራባሃ ነው የያዘውና አንድ ነገር ልጨምር፦ ለሙራባሃ ይህ ሁሉ ሒሳብ አይሠራም። በሙራባሃ ባንኩ ገዝቶ ትርፉን ጨምሮ ሸጦልሃል፤ ጠቅላላ ዋጋው ውሉ ላይ ተቆርጧል። 10 ዓመት ቀድመህ ብትከፍል ዕዳህ ያው ነው። ቅናሽ የሚገኘው ባንኩ ኢብራ (ከዕዳው ላይ ምሕረት) ሲሰጥ ነው፤ ያ በፈቃዱ ነው፣ ውሉ ላይ ካልተጻፈ መብት አይደለም። ስለዚህ 500,000 ይዘህ ከመግባትህ በፊት «አሁን ብከፍል ስንት ትቀንሱልኛላችሁ» የሚለውን በደብዳቤ ጠይቀህ መልሱን በጽሑፍ ያዝ። ቅናሽ ከሌለ ቀድሞ መክፈል ከባንኩ በቀር ማንንም አይጠቅምም፤ ብሩን ከወለድ ነፃ ሒሳብ አስቀምጠህ በቀኑ ክፈል። እየቀነሰ በሚሄድ ሙሻረካ (ቤቱን ከባንኩ ጋር በሽርክና ይዘህ) ከሆነ ግን ሌላ ነው፦ የባንኩን ድርሻ ቶሎ በገዛህ ቁጥር ኪራዩ ይቀንሳል።

ደሴ ተወልዳ፦
የእኛ ተራ የወለድ ብድር ነው። ውሉን ዛሬ አወጣሁት። «ተበዳሪው ከጊዜው በፊት ሲከፍል በሚከፍለው መጠን ላይ 2 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ» የሚል አንቀጽ አለ። ይህ ሁሉን አበላሸ ማለት ነው?

የብድር ክፍል፦
አላበላሸም። 500,000 ላይ 2 በመቶ 10,000 ብር ነው። ከላይ ያየነው ልዩነት በወር 3,750 ስለሆነ ሦስተኛው ወር ሳይሞላ ይመለሳል። አንቀጹን ግን እንደገና አንብቢው፤ አንዳንድ ውል ላይ ክፍያው የሚጣለው ብድሩን ሌላ ባንክ ሲገዛው ብቻ ነው፣ ወይም ሙሉ በሙሉ ሲዘጋ ብቻ። እዚያው ገጽ ላይ «ባንኩ የወለድ ተመኑን ሊያሻሽል ይችላል» የሚል ፈልጊ፤ ካለ 16ቱ ነገ 18 ሊሆን ይችላልና ቀድሞ መክፈል የባሰ ያዋጣል።

አሁን ወደ አካሄዱ። እዚህ ላይ ነው ሰው የሚበላው።

ብዙ ሰው ብሩን ወርሃዊው ወደሚቆረጥበት ቁጠባ ሒሳብ ያስገባና «ከፈልኩ» ይላል። አልከፈለም። ኮምፒውተሩ በየወሩ 20,102ቱን ብቻ እየቆረጠ ይቀጥላል። ሁለተኛው ስሕተት ብድር ሒሳቡ ላይ ያለ ደብዳቤ ማስገባት ነው፤ ያን ጊዜ የቅድሚያ ወርሃዊ ክፍያ ተደርጎ ሊያዝ ይችላል፦ 500,000 ሲካፈል ለ20,102፣ የ24 ወር ክፍያ ቀድመሽ ከፈልሽ ይሉሻል። ሁለት ዓመት ክፍያ የለብሽም፣ ግን ዋናው ብድር በሚፈለገው መጠን አልወረደም። በስልክሽ የባንኩ መተግበሪያ ላይ «ቀጣይ ክፍያ» የሚለው ቀን ወደፊት ሸሽቶ ካየሽ ይህ ነው የተፈጠረው።

መጀመሪያ የብድር ሒሳብ መግለጫ ጠይቂ፤ በተወሰነ ቀን ያለው ቀሪ ዋና ብድር፣ ያልተከፈለ ወለድና መቀጫ ለየብቻ ተጽፎ። መቀጫ ወይም የተጠራቀመ ወለድ ካለ የምትከፍይው ብር መጀመሪያ ወጪውን፣ ቀጥሎ ወለዱን፣ የተረፈው ነው ዋናውን የሚነካው። ስለዚህ ወርሃዊው በተቆረጠ ማግስት ግቢ፤ የተጠራቀመው የአንድ ቀን ወለድ፣ 526 ብር፣ ብቻ ይሆናል። ወሩ አጋማሽ ላይ ከገባሽ ወደ 8,000 ብር ገደማ ቀድሞ ወለድ ይበላዋል። ያ ብር የትም አይጠፋም፣ በሚቀጥለው ክፍያሽ ይካካሳል፤ ግን ደረሰኝሽ ላይ 500,000 ሙሉ «ዋና ብድር» ተብሎ አይወጣምና ከጠበቃው ፋይል ጋር አይገጥምም።

ደብዳቤው አጭር ይሁን። «በብድር ቁጥር … ላይ ካለብኝ ቀሪ ዋና ብድር 500,000 (አምስት መቶ ሺህ) ብር ለመቀነስ እንዲውልልኝ፣ ለቀጣይ ወርሃዊ ክፍያዎች በቅድሚያ እንዳይያዝብኝ፣ አዲስ የክፍያ ሰንጠረዥ ተዘጋጅቶ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ።» ባለቤትሽም ተበዳሪ ስለሆነ ሁለታችሁም ፈርሙ።

ጦሳ ሥር፦
ከላይ ካሉት ሁለት መንገዶች የቱን ትጻፍ? እኔ ወርሃዊው ይቀነስ እላለሁ። ውሉ ላይ ግዴታዋ 11,726 ይሁን፣ በፈቃዷ 20,102 ትክፈል። ትርፉ 8,376 በየወሩ ዋናውን ከነካ በ48 ወር ነው የሚያልቀው፣ ልክ እንደ መጀመሪያው። ሥራ ቢቆም ግን የምትገደደው 11,726 ብቻ ነው።

የብድር ክፍል፦
በወረቀት ትክክል ነህ። ባንኩ በየወሩ የምትመጣውን 8,376 ያለ ጥያቄ ዋናው ላይ የሚቀንስ ከሆነ። ብዙ ቅርንጫፍ ግን በእያንዳንዱ ጊዜ ደብዳቤ ይፈልጋል፣ ውሉ ያለው 2 በመቶም በየጊዜው ይቆረጣል። መንገዱ ይህ ነው፦ ወርሃዊውን አስቀንሺ፣ 8,376ቱን ለብቻው ባለ ቁጠባ አጠራቅሚ፣ በ6 ወር አንዴ 50,000 ሲሞላ በአንድ ደብዳቤ አስገቢ። ስድስት ወር በ7 በመቶ መቆየቱ የሚያሳጣው ከ1,000 ብር ብዙም አይዘልም። ግን ለራስሽ እውነቱን ተናገሪ፤ እጅሽ ላይ የቀረውን 8,376 ቤቱ የሚበላው ከሆነ ይህ መንገድ ይቅርብሽ። ያን ጊዜ ዓመቱን አሳጥሪ፣ 210,000ው ይጠብቅሻል።

ሐረጎ ቁልቁለት፦
አዲሱ ሰንጠረዥ ሲሰጥሽ የመጀመሪያውን መስመር ራስሽ አባዢው። 700,000 ሲባዛ በ0.16 ሲካፈል ለ12፣ 9,333 ካልመጣ አንድ ነገር ተሳስቷል፤ ወይ ብሩ ሙሉ አልተቀነሰም፣ ወይ ተመኑ ተቀይሯል። ሰንጠረዡ የባንኩ ማህተም ይኑረው። ተጨማሪ ውል አስፈርመውሽ ከሆነ ኮፒውን ሳትይዢ አትውጪ። የቤቱን ኢንሹራንስም አስታውሺ፤ የመድኑ መጠን የሚያያዘው ከቤቱ የመተኪያ ዋጋ ጋር ነው እንጂ ከቀረው ብድር ጋር አይደለም። «ዕዳው ስለቀነሰ መድኑን እንቀንስ» የሚል ሰው ቢመጣ እንዳትሰሚው፤ በዛሬው የሲሚንቶና የፌሮ ዋጋ ቤቱ ቢቃጠል ጎዶሎ ካሳ ነው የምትቀበይው።

ጠበቃ ከሸዋ በር፦
ለማጠቃለያው ቀንም አንድ ነገር ይያዙ። ብድሩ ያለቀ ዕለት ነገሩ አላለቀም። ባንኩ የዕዳ ነፃ ደብዳቤ ለከተማው መሬት ጽሕፈት ቤት ይጽፋል፣ እዚያ መያዣው ከመዝገብ ይሰረዛል፣ ዋናው ካርታ ይመለስልዎታል። ደብዳቤው ቢሮ ደረሰ ማለት ተሰረዘ ማለት አይደለም። ሂደው «እገዳ የለበትም» የሚል ማረጋገጫ ይውሰዱ፤ ያለሱ ቤቱን ለመሸጥ ወይም በሌላ ባንክ ለማስያዝ የሄዱ ቀን ነው ችግሩ የሚታየው።

ደሴ ተወልዳ፦
በጣም አመሰግናለሁ ሁላችሁንም። ባለቤቴም አብሮ አነበበው፤ 800ውን ትቶ 500 ላይ ተስማምቷል። ብሩን ዛሬ ለብቻው ሒሳብ ከፍቼ አዛውሬዋለሁ። ወርሃዊው የሚቆረጠው በ25 ነውና በ26 ጠዋት እንገባለን። ደብዳቤው አንድ ቅጂ ይበቃል?

የብድር ክፍል፦
ሁለት። አንዱን ይወስዳሉ፣ በሁለተኛው ላይ የመዝገብ ቁጥርና የገቢ ማህተም አስመቺና ይዘሽው ውጪ።